አል-ኸዋሪዝሚ፦ ሒሳብን በየደረጃው ያስቀመጡ ዓሊም



በዚህ እትም የምናወሳቸው ዓሊም ስማቸው በጊቢያችን ሳይጠራ የሚውልበት ቀን የለም። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ አልጎሪዝም ሲል የሚጠራው የእርሳቸውን ስም ነው። ማንኛውም ተማሪ አልጀብራ ሲል ደግሞ ከመጽሐፋቸው ርዕስ አንዱን ቃል እየጠራ ነው። እኚህ ሰው ሙሐመድ ኢብኑ ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ስለ እርሳቸው የሚነገረን የአልጀብራ አባት መሆናቸው ብቻ ነው፤ ንግግሩም እዚያው ላይ ያበቃል። ይህ ጽሑፍ ከሕይወታቸው አንዱን ገጽ ይከተላል። ለማን እንደጻፉ፣ ከየት እንደጀመሩ፣ የቱን አስቀድመው የቱን እንዳስከተሉ እንመለከታለን። በየዓመቱ የሒሳብ ቲቶሪያል ስናዘጋጅ የሚያስቸግረንም ይኸው ጥያቄ ነው፦ ከተለያየ ትምህርት ቤት፣ የተለያየ መሠረት ይዞ የመጣን ተማሪ ከየት እናስጀምረው?

አዲሲቱ ከተማ

አል-ኸዋሪዝሚ የተወለዱት እ.ኤ.አ በ780 አካባቢ ነው። መጠሪያቸው የሚያመለክተው ኸዋሪዝምን ነው። ይህ አገር ከአራል ባሕር በስተደቡብ የሚገኝ ሲሆን ዛሬ በኡዝቤኪስታንና በቱርክሜኒስታን የተከፈለ ነው። የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት ግን በባግዳድ ነው። ባግዳድን ኸሊፋው አል-መንሱር የቆረቆሯት በ762 ስለሆነ፣ አል-ኸዋሪዝሚ ሲወለዱ ከተማዋ ገና ሃያ ዓመት እንኳ በወጉ አልሞላትም ነበር።

ከተማዋ ወጣት ብትሆንም ሥራዋ ብዙ ነበር። ከሰፊ ግዛት ግብር ይሰበሰባል። መሬት ይለካል፣ ቦይ ይቆፈራል፣ ከሕንድና ከቻይና የሚመጣ ሸቀጥ ይራገፋል። ወረቀት መሠራት ጀምሮ ስለነበር ጽሕፈት ቤቶች መዝገብ በመዝገብ ሆነዋል። ይህ ሁሉ ሒሳብ የሚችል ሰው ይፈልጋል።

ዕውቀትም ከየአቅጣጫው እየገባ ነበር። የሕንድ የከዋክብት ስሌት በአል-መንሱር ዘመን ባግዳድ ደርሷል። የግሪኩ ዩክሊድ የጂኦሜትሪ መጽሐፍ በአል-ሐጃጅ ኢብኑ ዩሱፍ እጅ ወደ ዐረብኛ ተተርጉሟል፤ መጀመሪያ በሃሩን አር-ረሺድ ዘመን፣ ኋላም ለልጃቸው ለአል-መእሙን። ከ813 እስከ 833 የገዙት ኸሊፋው አል-መእሙን ዓሊሞችን የሚያቀርቡ፣ ለትርጉም ሥራ ገንዘብ የሚያወጡ ሰው ነበሩ። በአሥረኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጻሕፍትን ዝርዝር ያጠናቀሩት ኢብኑ ነዲም እንደመዘገቡት፣ አል-ኸዋሪዝሚ በአል-መእሙን የጥበብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይሠሩ ነበር። እኛ በይቱል ሒክማ እያልን የምናውቀው ነው።

እንግዲህ በአንድ ወገን ለጥቂት ሊቃውንት የሚሆን ከፍ ያለ ዕውቀት በመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አለ። በሌላ ወገን ከተማው ውስጥ የቦይ ቆፋሪው ሹም፣ ነጋዴው፣ ቃዲው፣ ውርስ የሚያከፋፍለው ሰው በየዕለቱ ከቁጥር ጋር ይታገላል። አል-ኸዋሪዝሚ ሁለቱንም ወገኖች ያውቁ ነበር።

መጽሐፉ የተጻፈለት ሰው

ስማቸውን ያስጠራው መጽሐፍ የተጻፈው በአል-መእሙን ዘመን ነው። ርዕሱ አል-ኪታቡል ሙኽተሰር ፊ ሒሳቢል ጀብሪ ወል-ሙቃበላ ይባላል። መድረሳ የቀራ ሰው ሙኽተሰር የሚለው ቃል ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። ሙኽተሰር ማለት ዋና ዋናው ነገር ተመርጦ ባጭሩ የቀረበበት ኪታብ ነው። ፊቅህ የሚቀራ ደረሳ መጀመሪያ አጭሩን ኪታብ ይይዛል፤ ከዚያ ሸርሑን፣ ከዚያም ትልልቆቹን። በነህውም ቢሆን አጅሩሚያን ሳይጨርስ አልፊያ የሚጀምር የለም። አል-ኸዋሪዝሚ የመጽሐፋቸው ደረጃ የቱ እንደሆነ ርዕሱ ላይ ጽፈውታል።

በመግቢያው ላይም ዓላማቸውን ይገልጻሉ። ኸሊፋው አጭር መጽሐፍ እንዲያዘጋጁ እንዳበረታቷቸው፣ እርሳቸውም ከሒሳብ ውስጥ ቀላሉንና ሰው ዘወትር የሚያስፈልገውን መርጠው እንዳቀረቡ ይናገራሉ። የሚጠቅመውንም ይዘረዝራሉ፦ ለውርስ፣ ለኑዛዜ፣ ለንብረት ክፍያ፣ ለሙግት፣ ለንግድ፣ ለመሬት ልኬት፣ ለቦይ ቁፋሮ። በጊዜው ባግዳድ ውስጥ ለሊቃውንት ብቻ የሚሆን መጽሐፍ መጻፍ የሚያስከብር ሥራ ነበር። እርሳቸው ግን ለሠራተኛው ጻፉ።

በዚያው መግቢያ ውስጥ ስለ ዕውቀት ሰዎችም ያነሳሉ። ሦስት ዓይነት ናቸው ይላሉ። የመጀመሪያው ከእርሱ በፊት ማንም ያልደረሰበትን ነገር የሚያገኝ ነው። ሁለተኛው የቀደሙት አስቸጋሪ አድርገው የተዉትን አብራርቶ መንገዱን የሚያቀል ነው። ሦስተኛው በሌላ ሰው ሥራ ውስጥ ጉድለት ሲያይ፣ ስለ ባለቤቱ መልካም እያሰበና በእርሱ ላይ ሳይኮራ የሚያቃና ነው። ሦስቱም ለሚመጣው ትውልድ የሚሠሩ ናቸው። አብራሪውና አቃኙ ከፈልሳፊው ጎን በአንድ ረድፍ መቀመጣቸውን ልብ በሉ። ሒሳብ አስተማሪ የሆነ ወይም ሊሆን የሚያስብ ተማሪ ይህን መግቢያ ቢያነበው ሥራውን በሌላ ዓይን ያያል።

መጽሐፉን ስንከፍት ሌላ ነገርም እናስተውላለን። ዛሬ እኛ ያልታወቀውን ቁጥር በፊደል እንወክለዋለን። እርሳቸው ግን ምንም ምልክት አልተጠቀሙም፤ ሁሉም ነገር በቃላት ነው የተጻፈው። ያልታወቀውን ሸይእ፣ ማለትም ነገር፣ ወይም ጂዝር፣ ማለትም ሥር፣ ይሉታል። ስኩዌሩን ማል፣ ማለትም ሀብት፣ ይሉታል። ቁጥሮቹ እንኳ በፊደል ተዘርዝረው የተጻፉ ናቸው። ስለዚህ ማንበብ የሚችል ሰው፣ አዲሱን የሕንድ አኃዝ ባያውቅም፣ መጽሐፉን መከታተል ይችል ነበር። አኃዙን ለሚፈልግ ሌላ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ስድስቱ በሮች

ከእርሳቸው በፊት ባቢሎናውያንም ሕንዶችም ስኩዌር ያለባቸውን ጥያቄዎች መፍታት ያውቁ ነበር። የአል-ኸዋሪዝሚ ሥራ ጥያቄዎቹን ሁሉ ሰብስቦ በመደርደር ላይ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሚያጋጥመው ነገር ሦስት ብቻ እንደሆነ አሳዩ፦ ስኩዌር፣ ሥርና ቁጥር። ሦስቱ እኩል ሊሆኑ የሚችሉባቸውን መንገዶች ሲቆጥሩ ስድስት ሆነው አገኟቸው።

ሦስቱ ቀላል ናቸው። ስኩዌር ከሥር ጋር እኩል ሲሆን፤ ስኩዌር ከቁጥር ጋር እኩል ሲሆን፤ ሥር ከቁጥር ጋር እኩል ሲሆን። ሦስቱ ደግሞ የተዋሐዱ ናቸው። ስኩዌርና ሥር ተደምረው ከቁጥር ጋር ሲተካከሉ፤ ስኩዌርና ቁጥር ተደምረው ከሥር ጋር ሲተካከሉ፤ ሥርና ቁጥር ተደምረው ከስኩዌር ጋር ሲተካከሉ።

ዛሬ ኔጌቲቭ ቁጥር ስለምንጠቀም ስድስቱንም በአንድ ፎርሙላ እንጨርሳቸዋለን። እርሳቸው ግን ኔጌቲቭ ቁጥርን ለብቻው አድርገው አይጠቀሙም ነበርና ስድስት በር አስፈለገ። ለየበሩም አንድ ቁልፍ፣ ማለትም አንድ የታወቀ አሠራር፣ ሰጡ። ጥያቄው ከውርስም ይምጣ ከመሬት ልኬት፣ ሰውየው የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ከስድስቱ የትኛው ነው? በሩን ካወቀ ቀሪው ደረጃውን ተከትሎ መውጣት ነው። በኋላ ዘመን ደረጃውን የጠበቀ አሠራር በስማቸው አልጎሪዝም መባሉ ከዚህ ልማዳቸው ጋር ይስማማል።

ከአራተኛው በር የታወቀውን ምሳሌያቸውን እንይ። አንድ ስኩዌርና 10 ሥሮች ተደምረው 39 ሆኑ። አሠራሩ እንዲህ ነው። የሥሮቹን ብዛት ለሁለት ክፈል፣ 5 ይሆናል። 5ን በራሱ አባዛ፣ 25። ከ39 ጋር ደምር፣ 64። ሥሩን አውጣ፣ 8። ከዚያ ላይ የሥሮቹን ግማሽ፣ 5ን፣ ቀንስ፤ 3 ይቀራል። የተፈለገው ሥር 3 ነው። 9 እና 30 ተደምረው 39 ናቸውና ትክክል ነው።

ይህን ማንም ተከትሎ መሥራት ይችላል። ለምን እንደሚሠራ ግን ገና አልተነገረውም። አል-ኸዋሪዝሚ መጀመሪያ የስድስቱንም አሠራር ሰጥተው ከጨረሱ በኋላ ወደ ምክንያቱ ይመለሳሉ፤ የሚያስረዱትም በሥዕል ነው። ጎኑ ያልታወቀ ካሬ ይሣላል። በሁለት ጎኖቹ ላይ ስፋታቸው 5 የሆነ ሁለት አራት ማዕዘኖች ይለጠፋሉ። የሦስቱ ስፋት በአንድ ላይ 39 ነው። ሥዕሉ ትልቅ ካሬ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ የጎደለው በማዕዘኑ ላይ 5 በ5 የሆነች ትንሽ ካሬ ብቻ ናት። እርሷን ስንሞላት 25 ይጨመርና 64 ይሆናል። የትልቁ ካሬ ጎን 8 ሆነ ማለት ነው፤ ከርሱ ላይ 5 ሲነሳ 3 ይቀራል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስኩዌሩን መሙላት እየተባለ የሚሰጠን አሠራር ይኸው ነው። ብዙዎቻችን አሠራሩን ሸምድደን ሥዕሉን ሳናይ አልፈናል። እርሳቸው ሁለቱንም ሰጥተዋል፤ ቅደም ተከተሉም ለጀማሪ የታሰበ ነው።

ወጌሻና ሚዛን

አንድ ጥያቄ ከስድስቱ በሮች ወደ አንዱ እስኪደርስ ድረስ መስተካከል አለበት። ለዚህ ሁለት መሣሪያ አለ፤ የመጽሐፉ ርዕስም ከእነርሱ የመጣ ነው።

አል-ጀብር ማለት የጎደለውን መሙላት፣ የተሰበረውን መጠገን ነው። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ሲመልስ በዐረብኛ ይኸው ቃል ይነገርለታል። ስፔኖችም ከዐረብኛ ወስደው ወጌሻን አልጀብሪስታ ይሉት ነበር። በሒሳቡ በአንድ ወገን የተቀነሰ ነገር ካለ ለሁለቱም ወገን በመጨመር ቅናሹን ማጥፋት ነው። አል-ሙቃበላ ማለት ፊት ለፊት ማገናዘብ ነው። በሁለቱም ወገን ተመሳሳይ ነገር ካለ፣ ሚዛን ላይ እንደሚደረገው፣ እኩል እኩል ማንሳት ነው።

ስድስቱን በሮች ካስተማሩ በኋላ ስድስት ጥያቄዎች ያቀርባሉ፤ ለየበሩ አንድ። አምስተኛው እንዲህ ነው። 10ን ሁለት ቦታ ከፈልኩ፤ እያንዳንዱን በራሱ አባዝቼ ስደምር 58 ሆነ። አንደኛውን ክፍል ነገር ብንለው ሌላው 10 ሲቀነስ ነገር ነው። ስናባዛና ስንደምር 100 እና ሁለት ስኩዌር፣ ሲቀነስ 20 ነገር፣ ከ58 ጋር እኩል ይሆናል። ቅናሹን በጀብር እንሙላ፦ 100 እና ሁለት ስኩዌር ከ58 እና 20 ነገር ጋር እኩል ነው። ሁሉንም ለሁለት እንክፈል፦ 50 እና አንድ ስኩዌር ከ29 እና 10 ነገር ጋር እኩል ነው። አሁን በሙቃበላ ከሁለቱም ወገን 29 እናንሳ፦ 21 እና አንድ ስኩዌር ከ10 ነገር ጋር እኩል ሆነ። አምስተኛው በር ደረስን። መልሱ 3 ወይም 7 ነው። አምስተኛው በር ሁለት መልስ ሊኖረው እንደሚችልም፣ አንዳንዴም መልስ ጭራሽ እንደማይኖረው ያስተምራሉ። የሥሮቹ ግማሽ በራሱ ተባዝቶ ከቁጥሩ ካነሰ ጥያቄው አይፈታም።

ወደዚህ ከመድረሱ በፊት ተማሪው ማባዛት መቻል አለበት። ስለዚህ ስለ ማባዛት ምዕራፍ አለ። እርሱም ያልታወቀን ነገር ከማባዛት አይጀምርም። 10 እና 1ን በ10 እና 2 ስናባዛ አራት ብዜቶች እንደሚገኙ በታወቁ ቁጥሮች ያሳያል። ከዚያ 10 ሲቀነስ 1ን ያሳያል። ተማሪው እጁ ሲለምድ በ1 ፋንታ ነገርን ይተካል። ቅንፍ መፍታት የሚያስቸግረው ልጅ ካለ ከዚህ የተሻለ መግቢያ ማግኘት ይከብዳል።

የሙሲባው ቤት ሒሳብ

መጽሐፉን ሳያዩ የሚያወሩ ሰዎች የሚዘነጉት ትልቁን ክፍል ነው። ከአልጀብራው ቀጥሎ ስለ ንግድ ስሌት አጭር ምዕራፍ፣ ስለ መሬትና አካላት ልኬት ሌላ ምዕራፍ አለ። የመጽሐፉን ግማሽ ያህል የሚይዘው ግን ወሲያና ሚራስ ነው። ሰው ሲሞት ዕዳው ይከፈላል፤ ከሲሶ ያልበለጠ ኑዛዜ ካለ ይፈጸማል፤ የቀረው በሱረቱ ኒሳእ በተደነገገው ድርሻ ይከፋፈላል። ድርሻዎቹ ክፍልፋዮች ናቸውና ስሌት ያልቻለ ሰው በአማኝ ቤተሰብ መካከል ጠብ ሊተክል ይችላል።

ከጥያቄዎቻቸው አንዱን እንውሰድ። አንዲት ሴት ባሏን፣ አንድ ወንድ ልጅና ሦስት ሴቶች ልጆችን ትታ ሞተች። ወራሽ ላልሆነ ሰው የሀብቷን አንድ ስምንተኛና አንድ ሰባተኛ ተናዝዛለታለች። ኑዛዜው ሲደመር ከ56 እጅ 15 እጅ ነው፤ ሲሶ አይሞላምና ይጸናል። የቀረው 41 እጅ ነው። ልጆች ስላሏት ባል ከቀሪው ሩቡን ይወስዳል። ሌላው ለልጆች ነው፤ ወንዱ የሁለት ሴት ድርሻ አለው። ቀሪውን በ20 ብንመድበው ለባል 5፣ ለወንድ ልጅ 6፣ ለእያንዳንዷ ሴት ልጅ 3 ይደርሳል። ሁሉም ያለ ክፍልፋይ እንዲወጣ ሀብቱን 20 ጊዜ 56፣ ማለትም 1120 እጅ እናድርገው። ለተናዘዘችለት ሰው 300፣ ለባል 205፣ ለወንድ ልጅ 246፣ ለእያንዳንዷ ሴት ልጅ 123። ደምሯቸው፤ 1120 ይሞላል።

ይህ ክፍል በአብዛኛው ስኩዌር የለውም። የሚጠይቀው ክፍልፋይን በደንብ ማወቅና ያልታወቀን ነገር ማስላት ነው። ዛሬ ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል የሚሰጥ ሒሳብ ነው ልንለው እንችላለን። የስድስቱን በሮች ሥርዓት የዘረጉት ሰው ይህን ዝቅ ብሎ የቀረ ሒሳብ አድርገው አላዩትም። በመጽሐፋቸው ሰፊውን ቦታ ሰጡት፤ የሰው ሐቅ ያለው እዚያ ላይ ነውና።

ከሥሩም ከላዩም

አል-ኸዋሪዝሚ ለሌሎች ደረጃዎች ሌሎች መጻሕፍት ጽፈዋል። ለጀማሪው በሕንድ አኃዝ የመቁጠርን መጽሐፍ አዘጋጁ። በዘጠኝ ምልክቶችና በአንዲት ትንሽ ክብ ማንኛውንም ቁጥር መጻፍ እንደሚቻል፣ የአንድ አኃዝ ዋጋ በቆመበት ቦታ እንደሚወሰን፣ እንዴት እንደሚደመር፣ እንደሚቀነስ፣ እጥፍና ግማሽ እንደሚደረግ፣ እንደሚባዛና እንደሚካፈል ያስተምራል። ባዶዋ ቦታ በዐረብኛ ሲፍር ተባለች። ዐረብኛው ቅጂ ጠፍቷል፤ የቀረልን በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራው የላቲን ትርጉም ነው። ከቅጂዎቹ አንዱ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ያ ትርጉም የሚጀምረው በላቲን አፍ በተጣመመው ስማቸው ስለሆነ፣ በአዲሱ አኃዝ መሥራት ራሱ በስማቸው ተጠራ።

ከላይ ላለው ደረጃ ደግሞ ዚጅ ሲንድሂንድ የተባለውን የከዋክብት ሠንጠረዥ ሠሩ። የፀሐይን፣ የጨረቃንና የአምስቱን ፕላኔቶች አካሄድ ለማስላት የሚያገለግል ነው። በኋላ በኮርዶባ መስለማ አል-መጅሪጢ አሻሻሉት፤ በ1126 አደላርድ የተባለ እንግሊዛዊ ወደ ላቲን ተረጎመው። ሱረቱል አርድ በተባለው የጂኦግራፊ መጽሐፋቸውም ከ2400 በላይ ቦታዎችን ከነኬንትሮስና ኬክሮሳቸው ዘርዝረዋል። ዛሬ ስትራስቡርግ በሚገኘው ቅጂ ውስጥ ካሉት አራት ካርታዎች አንዱ የአባይ ወንዝ ካርታ ነው።

እንግዲህ አኃዝ ለማያውቀው አንድ መጽሐፍ፣ ለባለ ሥራው አንድ መጽሐፍ፣ ለከዋክብት ተመልካቹ ሌላ መጽሐፍ። ሁሉንም በአንድ ጥራዝ አልጠቀጠቁትም። አል-ኸዋሪዝሚ በ850 አካባቢ አለፉ። አላህ ይዘንላቸው።

ከእርሳቸው የተረከቡት

ቀጣዮቹ ዓሊሞች ደረጃውን ወደ ላይ ቀጠሉት። በግብጽ አቡ ካሚል ስድስቱን በሮች ተቀብለው ለጠነከረ አንባቢ የሚሆን ሰፊ የአልጀብራ መጽሐፍ ጻፉ። በ1000 ዓመት አካባቢ በባግዳድ የነበሩት አል-ከረጂ ሦስት መጻሕፍት ደረደሩ። አል-ካፊ ለተግባር የሚሆን ሒሳብ ነው፤ አል-ፈኽሪ አልጀብራን ይዟል፤ አል-በዲዕ ደግሞ ከዚያ ለሚያልፍ ነው። ዑመር ኸያም ወደ ሦስተኛ ደረጃ እኩልዮሾች ወጥተው እነርሱንም እንደ ስድስቱ በሮች በየዓይነታቸው ከፋፈሉ። በመግሪብ ኢብኑል ያሰሚን አልጀብራን በነዝም ገጠሙት፤ ደረሳ ነህውን በግጥም እንደሚሐፍዘው አልጀብራንም ሐፈዘው።

በአውሮፓ ሮበርት ዘ ቼስተር በ1145 በሴጎቪያ፣ ጄራርድ ዘ ክሬሞና ደግሞ በቶሌዶ የአልጀብራውን መጽሐፍ ወደ ላቲን መለሱት። በ1831 ከኦክስፎርዱ ቅጂ ተወስዶ ከነእንግሊዝኛ ትርጉሙ ለንደን ውስጥ ታተመ።

ለእኛ ጊቢ

አሁን ወደ ቲቶሪያላችን እንምጣ። ፍሬሽማን ሆኖ የሚመጣ ተማሪ አንዱ ቤተ ሙከራና መምህር ካልጎደለው ትምህርት ቤት ነው፤ ሌላው የሒሳብ መምህር ለወራት ካጣ ገጠር ነው። ሁለቱንም በአንድ አዳራሽ አስቀምጠን ከሊሚት ስንጀምር አንዱ ይሰለቻል፣ ሌላው ይጠፋል። የጠፋው እጁን አያወጣም፤ ሚድ ሲደርስ ብቻ እናገኘዋለን። አንዳንዱን ሴሚስተሩ ሲያልቅ በጊቢው አናገኘውም።

ብዙ ጊዜ የሚቀርበው መፍትሔ ተማሪውን መለየት ነው፦ ደካማ፣ መካከለኛ፣ ጎበዝ። ይህ ያሳፍራል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ አይጠይቅም። ከአል-ኸዋሪዝሚ የምንወስደው ዋና ነገር እዚህ ላይ ይመስለኛል። እርሳቸው ደረጃ ያወጡት ለጥያቄው ነው፤ ለሰውየው አላወጡም። ቃዲውም፣ ነጋዴውም፣ ሊቁም አምስተኛው በር ላይ ሲደርስ አሠራሩ ያው ነው።

እኛም ሦስት ጥግ ብናበጅ እንዲህ ይሆናል። በአንደኛው ክፍልፋይ፣ የኔጌቲቭ ምልክት፣ ቅንፍና ስኩዌር ያለበት እኩልዮሽ። በሁለተኛው ፋንክሽን፣ ሎጋሪዝምና ትሪጎኖሜትሪ። በሦስተኛው ሊሚት፣ ደሪቬቲቭና ኢንተግራል። ተማሪው ዓመቱም ውጤቱም አይጠየቅም፤ የያዘውን ጥያቄ አይተን ወደ ጥጉ እንሸኘዋለን። አንድ ሰው በአንድ ምሽት ከሦስተኛው ተነስቶ አንደኛው ጋ ሊቀመጥ፣ ተመልሶም ሊሄድ ይችላል። ለምሳሌ የነገር ስኩዌር ሲቀነስ 9፣ ለነገር ሲቀነስ 3 ተካፍሎ፣ ነገር ወደ 3 ሲጠጋ ምን ይሆናል የሚል ጥያቄ የሊሚት ነው። ተማሪው የሚቆመው ግን ሊሚቱ ላይ አይደለም፤ ላይኛውን ወደ ሁለት ቅንፍ መበተን አቅቶት ነው። ይህን ልጅ ስለ ሊሚት አንድ ሰዓት ብናስረዳው አንጠቅመውም። አንደኛው ጥግ አሥር ደቂቃ ቢቀመጥ መልሱ 6 መሆኑን ራሱ ያገኘዋል።

አንደኛውን ጥግ የሚይዘው ማን ይሁን? ልማዳችን ጎበዙን ሲኒየር ሦስተኛው ላይ ማስቀመጥ ነው። የሙኽተሰሩ ባለቤት ቢጠየቁ ኖሮ በተቃራኒው የሚያደርጉ ይመስለኛል። ክፍልፋይን ያለ ምልክት፣ በቃላትና በሥዕል ማስረዳት የሚችል ሰው ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው እዚያ ነው። ሐለቃ ውስጥ ቀደም ያለው ደረሳ ጀማሪውን ሲያቀራ ያደጋችሁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ። አብራሪው ከፈልሳፊው እኩል ረድፍ ላይ እንደሚቆም፣ የሌላውን ስህተት የሚያቃናውም ሳይኮራ መሆን እንዳለበት ከ1100 ዓመታት በላይ በፊት በአንድ የሒሳብ መጽሐፍ መግቢያ ላይ ተጽፏል።

ጥጎቹን ለመያዝ የምትፈልጉ እህትና ወንድሞች፣ በተለይ የመጀመሪያውን፣ ለጀመዓችን የትምህርት ክፍል ስማችሁን አስመዝግቡ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።